ከመደብ እስከ ኮንዶሚኒየም፤ የቤት ዕቃችን እንጨት ታሪክ

የአንድ ሕዝብ የቤት ዕቃ የአኗኗሩ መስታወት ነው ቢባል እንግዳ አባባል አይሆንም። በእኛ አገር ግን የቤት ዕቃ ከዚህም አልፎ የሥልጣንና የትምህርት ቋንቋ እስከ መሆን ደርሷል። የመንግሥቱ ወራሽ «አልጋ ወራሽ» ይባል ነበር። ከዋናው ዳኛ ጎን ተቀምጠው ነገር የሚያመዛዝኑት የሕግ ዐዋቂዎች «ወንበሮች» ተብለው ይጠሩ ነበር። የቅኔ መምህር ጉባኤ ሲከፍት «ወንበር ዘረጋ» ይባልለታል። ዛሬም ስብሰባ የሚመራውን ሰው «ሊቀ መንበር» እንለዋለን። ሰፊው ሕዝብ በአንጻሩ ለረጅም ዘመን የሚቀመጥበትም የሚተኛበትም ከግድግዳው ጋር አብሮ በጭቃ የተመረገው መደብ ነበር። ይህ ቃል በኋለኛው ዘመን የኅብረተሰብ ክፍል መጠሪያ መሆኑ አጋጣሚ ሊመስል ይችላል፤ ማን በምን ላይ ይቀመጥ እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው ግን ቃሉ ያለ ቦታው የገባ አይደለም።

ይህን መጣጥፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ቁም ሣጥን ነው። በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ እኔ በምኖርበት የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ውስጥ አዲስ የተጋቡ ሁለት መምህራን ቤት ገቡ። ሙሽራዪቱ ከአያቷ የወረሰችው፣ በ1960ዎቹ ጅማ ላይ የተሠራ የዋንዛ ቁም ሣጥን ነበራት። ዕቃው በሦስተኛው ፎቅ ደረጃ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አላልፍ ብሎ ቆመ። አራት ጎረምሶች አቃንተውም አጋድመውም ሞከሩት፤ አልሆነም። በዚህ ጊዜ ሙሽራው ላቡን እየጠረገ ወደ እኔ ዞረና፣ «ጋሼ፣ ይህን ሸጠን ከለስላሳ እንጨት የተሠራ ቀለል ያለ ዕቃ ብንገዛ አይሻለንም?» አለኝ። ሙሽራዪቱ ምንም አልተናገረችም፤ እጇን ግን ከቁም ሣጥኑ ላይ አላነሣችም።

ለጥያቄው በዚያች ሰዓት የሰጠሁት መልስ አልነበረም። ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ስነሣ ግን ጥያቄው የሁለት ሙሽሮች ብቻ አለመሆኑን ተረዳሁ። ከጀርባው የደኖቻችን፣ የእጅ ባለሙያዎቻችንና የዋና ከተማችን ታሪክ አለ።

የስያሜው ነገር

በመጀመሪያ ስያሜውን እናጥራ። «ጠንካራ እንጨት» እና «ለስላሳ እንጨት» የሚለው አከፋፈል በእኛ ጠራቢዎችና አናጢዎች ዘንድ የተወለደ አይደለም። የሰሜን አውሮፓ የእንጨት ነጋዴዎች ኦክን የመሰለውን ቅጠለ ሰፊ ዛፍ «ጠንካራ»፣ ቅጠለ መርፌውን የጥድ ወገን ደግሞ «ለስላሳ» ብለው የለዩበት ልማድ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንትም ይህንኑ ተቀብለው ዘሩን በፍሬ ውስጥ የሚሸፍነውን ዛፍ ከአንደኛው፣ የጥድን ቤተሰብ ከሁለተኛው ወገን መደቡት። ስለዚህ አከፋፈሉ የዛፉን ዘር ይናገራል እንጂ የእንጨቱን ጥንካሬ አይለካም። ለዚህም ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ በደቡብ አሜሪካ የሚበቅለው ባልሳ የተባለው ዛፍ ነው፤ በጥፍር የሚጫር፣ እንደ ቡሽ የቀለለ ሲሆን በአከፋፈሉ መሠረት ግን «ጠንካራ እንጨት» ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ግራ መጋባቱ ይብሳል። በተፈጥሮ ደኖቻችን ውስጥ ለጣውላ የሚውሉ ከሁለተኛው ወገን የሆኑ አገር በቀል ዛፎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ጥድና ዝግባ ናቸው። ዋንዛ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ቀረሮ፣ ግራር፣ ብሳና፣ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ሳይቀር፣ ሁሉም «ጠንካራ» ይባላሉ። ይሁን እንጂ አንድ ሜትር ኩብ የደረቀ ዋንዛ ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ «ለስላሳ» የተባለው የሐበሻ ጥድ ከ500 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ወይራ ደግሞ ወደ 1000 ኪሎ ግራም ይጠጋል። እንግዲህ ሁለቱ «ጠንካሮች» ዋንዛና ወይራ እርስ በርሳቸው ከሚቀራረቡት ይልቅ ዋንዛ ለጥዱ ይቀርባል ማለት ነው። በለሚ ኩራ ደረጃ ላይ የቆመው ቁም ሣጥን ያስቸገረው «ጠንካራ እንጨት» ስለ ሆነ አልነበረም፤ ሰፊ ስለ ነበረ ነው።

ጠራቢው የሚያውቀው

አባቶቻችን እንጨትን በሁለት አልከፈሉትም። እያንዳንዱን ዛፍ በጠባዩ ዐወቁት። ጠባዩም የሚለካው በአራት ጥያቄ ነበር፤ ምስጥ ይበላዋል? ሲደርቅ ይሰነጠቃል? ለመሮና ለመጥረቢያ ይታዘዛል? ሸክም ይችላል?

በዚህ መመዘኛ ወይራ የሸክምና የግጭት እንጨት ሆነ፤ ዘነዘና፣ የመሣሪያ እጀታ፣ ዱላና የቤት ምሰሶ ከእርሱ ይወጣል። ለወንበርና ለሣጥን ግን መሣሪያ ይሰብራል፣ ለመሸከምም ይከብዳል። ጥድ ምስጥን የሚቋቋም፣ ቀጥ ብሎ የሚሰነጠቅ፣ ሽታውም የማይረሳ በመሆኑ ለአጥር፣ ለማገርና ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ ተመረጠ። ዝግባ መልኩ ብጫማ፣ እህሉ የተስተካከለ፣ ጉጥ የማይበዛበት ጣውላ የሚሰጥ ቢሆንም ከመሬት ጋር ሲነካካ ምስጥና ብስባሴ አይችልም፤ ስለዚህ ከጣሪያ በታች፣ ለበር፣ ለመደርደሪያና ለጠረጴዛ ይሆናል። ዋንዛ ግን ከሁሉም ይልቅ ለእጅ የሚታዘዝ ሆኖ ተገኘ። ሲደርቅ እምብዛም አይጣመምም፤ ቡናማ ቀለም ያለው እምብርቱ ምስጥን ይቋቋማል፤ ሲወለወል ያበራል። ገበታ፣ ሣጥን፣ በርጩማ፣ የብራና መጽሐፍ ልባስ፣ የከበሮና የክራር አካል ብዙ ጊዜ ከዋንዛ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ የኪነ ጥበብ ሰዎች ልብ ልንል የሚገባ ነገር አለ። የምንዘምርበትና የምንቀመጥበት፣ የምንጽፍበትና የምንበላበት ዕቃ ከአንድ ዛፍ ሲወጣ ኖሯል።

የዚህ ዕውቀት ምስክሮች ዛሬም ቆመዋል። በትግራይ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይና እንጨት በተራ ተደርድረው፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት የግንድ ጫፎች ከግድግዳው ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ፤ በጣሪያው ላይም የእንስሳት ምስል የተቀረጸባቸው የእንጨት ሰሌዳዎች አሉ። በላስታ ዋሻ ውስጥ የተሠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ያንኑ ጥበብ ያሳያል። በላሊበላ ደግሞ የተቀረጹ ጥንታዊ የእንጨት መንበረ ታቦቶች ተጠብቀው ይገኛሉ። በጅማ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ፣ ከአንድ ወጥ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማም የዚሁ ጥበብ ሌላ ቅርንጫፍ ናቸው። ሦስት እግር መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወለሉ አፈር በሆነበት ቤት ሦስት እግር ያለው መቀመጫ አይንገዳገድም።

ነገር ግን ይህን ዕቃ የሠራው ሰው ማን ነበር? እዚህ ላይ ታሪኩ ይመርራል። በብዙ የአገራችን ክፍል እንጨት ጠራቢ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ የተናቁ ነበሩ። በጉራጌ አገር እንጨት በመጥረብ የሚታወቀው ወገን የሰውን ቤት ምሰሶ እየጠረበ፣ እርሱ ግን መሬት እንዳያርስ ተከልክሎ፣ ከሌላው ጋር በጋብቻም በማዕድም እንዳይቀላቀል ተገልሎ ኖሯል። በርጩማውን የፈለፈለው ሰው በዚያ በርጩማ ላይ ከባለቤቱ እኩል አይቀመጥም ነበር። የእጅ ዕውቀታችን ከአባት ወደ ልጅ በቃልና በልምድ ብቻ እየተላለፈ፣ በጽሑፍና በትምህርት ቤት ሳይደገፍ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ንቀት ነው። ዛሬ ዕቃ ገዥው አንዱን እንጨት ከሌላው መለየት ቢያቅተው፣ ዕዳው በከፊል የዚያ ዘመን ነው።

የከተማዪቱ ረሀብ

በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱና ሠፈሩ የሚሠራበት፣ ሠራዊቱም የሚያበስልበትና የሚሞቅበት እንጨት ከአካባቢው ጥድና ወይራ ይቆረጥ ነበር። በቀደመው ልማድ ከተማ ማለት ሠፈር ነበረ፤ እንጨቱ ሲያልቅ ሠፈሩ ይነሣል። የእንጦጦ ተራራም ብዙ ሳይቆይ ተራቆተ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አዲስ ዓለም አዲስ ዋና ከተማ ለመመሥረት መነሣታቸው ከዚህ ችግር የመጣ ነው። ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ በኋላ ለአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አዲስ አበባን ከመነሣት ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው ይህ ዛፍ፣ ብዙ ጊዜ ከሞንዶን ቪዳዬ ከተባለው ፈረንሳዊ ስም ጋር እየተያያዘ ይነገራል፤ በአምስትና በሰባት ዓመት ውስጥ ለአጣና ስለሚደርስና ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ በእንጦጦና በየካ ኮረብታዎች ተስፋፋ። ዛሬ ከአያት ወይም ከሰሚት ወደ ሰሜን ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው የሚያየው የኮረብታ ልብስ በአብዛኛው የዚያ ዘመን ውርስ ነው።

ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ከተማዪቱን አሞቀ፣ ግድግዳዋንም አቆመ እንጂ የቤት ዕቃዋን በቀላሉ ሊሰጣት አልቻለም። በአከፋፈሉ «ጠንካራ» የተባለው ይህ እንጨት በችኮላ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ለወንበርና ለቁም ሣጥን የሚሆነው በጥንቃቄ ተሰንጥቆ በዝግታ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ የከተማው ሰው ሀብት ሲያገኝ ዐይኑን ወደ ሩቅ ደኖች ጣለ። ዋንዛውና ቀረሮው ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ፣ ዝግባው ከአርሲና ከባሌ ወገን እየተጋዘ ይመጣ ጀመር።

በዚሁ ዘመን የሕንድና የአርመን የእጅ ባለሙያዎች በምኒልክ ከተማ ባለ ሰገነት ቤቶችን፣ ያጌጡ በሮችንና መስኮቶችን ሠሩ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ደግሞ ከነግፉ ጋር አዲስ የአናጢነት ቋንቋ ትቶ ሄደ። ኮምፔንሳቶ፣ ሞራሌ፣ ኮመዲኖ የሚሉት ቃላት እስከ ዛሬ በእንጨት ቤቶቻችን ውስጥ ይነገራሉ። እነዚህ ቃላት የሚነግሩን ሌላም ነገር አለ። ከአንድ ወጥ ግንድ ከሚፈለፈል በርጩማ ወደ ተሰነጠቀ ጣውላ፣ ከጣውላም ወደ ተለጠፈ ሰሌዳ የተደረገው ሽግግር የጀመረው በዚያ ትውልድ ዘመን ነው። ግንድ ሲፈለፈል ብዙው ክፍል ፍልጥና ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል፤ መጋዝ ግን ከአንድ ዛፍ ብዙ ዕቃ ያወጣል። በዚህ በኩል መጋዙ ቆጣቢ ነበር። በሌላ በኩል ግን ጠራቢው በዓመት ሊጥለው የማይችለውን ዛፍ በአንድ ሳምንት ጣለው።

አራቱ የተከለከሉ ዛፎች

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የገጠር መሬትም፣ ሰፋፊ ደኖችም፣ ትልልቅ የእንጨት መሰንጠቂያዎችም በመንግሥት እጅ ገቡ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ የደን ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት በወንዶ ገነት ተቋቋመ። በሻሸመኔና በሙነሳ አካባቢ የተተከለው የፈረንጅ ጥድ ከአገር በቀሉ ደን ላይ ያለውን ጫና ለማቅለል ታሰበ። ይኸው የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ተወላጅ የሆነ «ለስላሳ እንጨት» ከ20 እስከ 30 ዓመት ውስጥ ለመጋዝ ይደርሳል። ነገር ግን የከተማው ፍላጎት ከተከላው ይቀድም ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ጥበቃ፣ ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 94 አራት ዛፎችን በስማቸው ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከለከለ። እነርሱም ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ናቸው። አንባቢ ይህን ዝርዝር ልብ ይበል። ሁለቱ «ጠንካራ»፣ ሁለቱ «ለስላሳ» ናቸው። ሕጉ የጠየቀው እንጨቱ ጠንካራ ወይስ ለስላሳ ነው ብሎ ሳይሆን፣ የሚቆረጠው ከሚተካው በለጠ ወይስ አልበለጠም ብሎ ነው። አዋጁ ከዚያ ወዲህ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች ተተክቷል፤ የአራቱ ዛፎች ስም መጠራት ግን የአንድ ዘመን መዝጊያ ደወል ሆኖ በታሪክ ይመዘገባል። ለመቶ ዓመታት ያህል የከተማ ሰው የክብር ዕቃ የሆነው ዋንዛ ከዚያ ወዲህ እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ መሆኑ ቀረ።

በዚህ ጊዜ ነው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ የመጣው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በአዲስ አበባ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ተሠሩ፤ የእርሻ መሬት በነበረው በከተማዪቱ ምሥራቅ፣ በቦሌ አራብሳና በአካባቢው፣ ሕንፃዎች ተደረደሩ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ሆነ። አንድ ጊዜ ዕጣ ወጥቶ አንድ ሰፈር ሙሉ ሕዝብ አብሮ ቤት ሲገባ፣ አብሮ አልጋ፣ አብሮ ጠረጴዛ፣ አብሮ ቁም ሣጥን ይፈልጋል። ዋንዛው ተከልክሏል፤ የፈረንጅ ጥዱ አይበቃም፤ የመምህርና የሠራተኛ ደመወዝም ውስን ነው። ክፍተቱን የሞላው ከእንጨት ፍቅፋቂና ከብናኝ በማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራው ችፕውድና ኤምዲኤፍ ነው። «ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል» የሚለው ተረት የተነገረው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ ሰሌዳ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ፍርድ ግን ሁለቱን ወገን ያያል። ለጣውላ የማይሆነውን ቀጭን እንጨትና የመጋዝ ትርፍ ወደ ዕቃ መለወጡ ደንን ይረዳል። አይጣመምም፣ ሰፊ ነው፣ ለዋጋም ይቀርባል። ጉድለቱ ሁለት ነው። ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ አብጦም ወደ ቀድሞው አይመለስም። አንድ ጊዜ የላላ ብሎን ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ አይጠብቅም። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ጊዜ ቤት የቀየረ ተከራይ በእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ደጋግሞ ይከፍላል። ርካሽ የተባለው ዕቃ በጣም የሚወደደው ለድሃው ነው።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ?

ከዚህ ታሪክ የምወስደው መመዘኛ አንድ ነው፤ ዕቃው ቢያንስ ዛፉ ያደገበትን ዘመን ያህል ያገልግል። ጥድ ለጣውላ ለመድረስ ከ70 እስከ 100 ዓመት ይፈልጋል፤ ከእርሱ አላፊ ዕቃ መሥራት ብክነት ነው። ዋንዛ ከ30 እስከ 50 ዓመት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከዋንዛ የሚሠራ ዕቃ ለልጅ የሚተላለፍ ሊሆን ይገባዋል። በማሳና በጓሮ ተተክሎ፣ በሕጋዊ መንገድ የተቆረጠ ዋንዛ ሲገኝ ለወንበር እግር፣ ለአልጋ መቃንና ለሣጥን ቢውል ዋጋውን ይመልሳል። የፈረንጅ ጥድ ለመደርደሪያ፣ ለመሳቢያ፣ ለቁም ሣጥን ጎንና ለልጆች አልጋ በቂ ነው፤ ጉጡ ያልበዛውን መምረጥና ከርጥበት መጠበቅ ግን ግድ ይላል። ሰሌዳው ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ርቆ፣ እምብዛም በማይነቃነቅ ቦታ ይዋል።

ከሁሉም በላይ ገዥው ከእንጨቱ ስም በፊት ድርቀቱን ይጠይቅ። በአዲስ አበባ የጥርና የየካቲት አየር ይደርቃል፤ የሐምሌና የነሐሴ አየር ይረጥባል። በርጥብ ጣውላ የተሠራ ቁም ሣጥን በበጋ ይሰነጠቃል። ደርቆ ያልተደላደለ መሳቢያም በክረምት አልከፈት ይላል። ወንጀሉ የ«ለስላሳው» ወይም የ«ጠንካራው» አይደለም፤ የችኮላው ነው።

ወደ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ እንመለስ። በዚያን ዕለት አንድ ሽማግሌ አናጢ ተጠርተው መጡ። ቁም ሣጥኑን ዞረው አዩት፤ በጣታቸውም ማዕዘኑን ዳሰሱና፣ «ይህ እኮ ይፈታል፤ ምስማር የለበትም» አሉ። በእርግጥም የጅማው ባለሙያ አንዱን እንጨት በሌላው ውስጥ አግብቶ በሽብልቅ ብቻ ነበር ያያዘው። ሽማግሌው ሽብልቆቹን በዝግታ እየመቱ አወጡ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁም ሣጥኑ የሰሌዳ ክምር ሆነ፤ ጎረምሶቹም አንድ አንድ እየተሸከሙ አወጡት። ላይ ሲደርስ መልሰው ገጠሙት። የጎደለ ነገር አልነበረም፤ አንዲት የተበላች ሽብልቅ ብቻ በአዲስ ተተካች።

ያ ዋንዛ ለመጋዝ እስኪደርስ 40 ዓመት ያህል ፈጅቶ ይሆናል። ቁም ሣጥኑ ግን ሃምሳ ዓመት አገልግሎ በለሚ ኩራ ሌላ ኑሮ ጀምሯል። እንግዲህ ዛፉ ዕዳውን ተከፍሏል፤ ከዚህ በኋላ የሚያገለግልበት ዘመን ሁሉ ትርፍ ነው። የባለሙያውን ስም ግን አያትም፣ ልጅም፣ የልጅ ልጅም አላወቁትም። ሙሽራው ስለ መሸጥ ዳግመኛ አላነሣም። ሽማግሌው አናጢ መሣሪያቸውን ሰብስበው ሊወጡ ሲሉ ሙሽራዪቱ ወንበር ስባ፣ «አባባ፣ ሳይቀመጡማ አይሄዱም፤ ቡና ደርሷል» አለቻቸው። እርሳቸውም ተቀመጡ።